ቸነፈር የቀየሳት ከተማ

ሙምባይ የሄድኩት ታላቅ ወንድሜን ለማሳከም ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደዚያች ከተማ በሚበረው አውሮፕላን ውስጥ የሐኪም ወረቀቱንና የራጅ ፊልሙን በፌስታል ይዞ የሚሳፈር ወገን ብዙ ነው፤ እኛም እንደዚያው ተሳፈርን። አስታማሚ የማይፈለግበትን ሰዓት እየጠበቅሁ በእግሬ ስዞር ያየሁትን፣ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው። እኔን የያዘኝ የከተማዋ ቱቦና ቦይ፣ መንገድና የድሃ ቤት ነው። ማን ሠራቸው? ለማን ሠራቸው? ሲሠሩ ማን ተፈናቀለ? እነዚህ ጥያቄዎች የእኔንም ከተማ የሚመለከቱ ስለሆኑ እስከመጨረሻው አልለቀቁኝም።

ቀናቱንና ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እጨምራለሁ። ከተማዋንም በእንግሊዞች ዘመን ስሟ ቦምቤይ፣ በዛሬ ስሟ ሙምባይ እላታለሁ።

ፓሬል

ማረፊያችን ፓሬል በሚባለው ሰፈር ነበር። ፓሬል የሆስፒታሎች ሰፈር ነው። የታታ መታሰቢያ የካንሰር ሆስፒታል፣ በሕዝብ ዘንድ ኬም የሚባለው የማዘጋጃ ቤቱ ሆስፒታልና የዋዲያ የሕፃናት ሆስፒታል ሁሉም እዚያው ተቀራርበው ይገኛሉ። ከሕንድ ዳር እስከ ዳር የመጡ ድሃ ታካሚዎች በእግረኛ መንገዱ ላይ ላስቲክ ወጥረው፣ ከነአስታማሚዎቻቸው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በጎ አድራጊዎች በድስት ምግብ እያመጡ ያድሏቸዋል።

በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከዛፎች ጀርባ፣ አንድ የቆየ ትልቅ ሕንፃ አለ። ቀድሞ የእንግሊዝ ገዥዎች መኖሪያ ነበር። በ1882 የገዥው የሰር ጄምስ ፈርጉሰን ባለቤት በዚህ ቤት በኮሌራ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ገዥዎቹ ፓሬልን ትተው የባሕር ነፋስ ወደሚነፍስበት ወደ ማላባር ኮረብታ ጫፍ ሄዱ። ሠራተኛው ሕዝብ ግን መሄጃ አልነበረውም፤ እዚያው በጥጥ ፋብሪካዎቹ ጭስ መካከል ቀረ። ባዶ የቀረው ቤት በ1899 የቸነፈር ምርምር ላቦራቶሪ ሆነ፤ ከ1925 ጀምሮም ሃፍኪን ኢንስቲትዩት ይባላል።

የዚያን ዘመን ታሪክ በመጀመሪያ የነገሩኝ በማረፊያችን ጎረቤት የነበሩ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የጤና ክፍል አገልግለው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ካካ» ይላቸዋል፤ በማራቲ ቋንቋ አጎቴ ማለት ነው፤ እኔም ካካ አልኳቸው። አንድ ቀን ማታ የከተማዋን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ይህን መንገድ ያመጣው ቸነፈር ነው። ይህንንም ቸነፈር ነው። ያንንም እንደዚያው» እያሉ በጣታቸው አሳዩኝ። በማግስቱ ወደ ማንድቪ እንድሄድ የመከሩኝም እሳቸው ናቸው።

ማንድቪ

ማንድቪ ከወደቡ አጠገብ ያለ የነጋዴ ሰፈር ነው። እህል በረንዳን የሚያውቅ ሰው ማንድቪን ለመገመት አይቸገርም፤ ጆንያ በጆንያ ላይ ተደራርቦ፣ ተሸካሚው እየጮኸ መንገድ ሲያስለቅቅ፣ የቅመሙ ሽታ ከላቡ ሽታ ጋር ሲደባለቅ ይውላል። ከእህል መጋዘኖቹ በላይ ሰው ይኖራል። በ1896ም እንዲሁ ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም 23 ቀን የጎዋ ተወላጅ የሆኑት ሐኪም አካሲዮ ቪየጋስ በማንድቪ ትኩሳት የያዛቸውን፣ በብብታቸውና በብሽሽታቸው ንፍፊት የወጣባቸውን ሕመምተኞች መርምረው በሽታው ቸነፈር መሆኑን በይፋ ተናገሩ። በሽታው ከሁለት ዓመት በፊት ሆንግ ኮንግን መትቶ ነበር፤ ተህዋሲውንም የለየው አሌክሳንደር ዬርሲን እዚያው ነው። ቦምቤይ ደግሞ የጥጥና የመርከብ ከተማ ናት። ቸነፈር ገባ ከተባለ መርከቦቿ በየወደቡ ይታገዳሉ፤ ነጋዴው ይከስራል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ስሙን መጥራት የፈራ ባለሥልጣን አልጠፋም። ፍርሃቱም መሠረት ነበረው፤ በ1897 የአውሮፓ መንግሥታት ስለ ቸነፈሩ ቬኒስ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ፤ የዚያ ዓመት የሐጅ ጉዞም ከቦምቤይ ታገደ።

ስሙ ከተጠራ በኋላ የተወሰደው እርምጃ ግን እጅግ ከባድ ነበር። የእሳት አደጋ ፓምፖች የባሕር ውሃና ካርቦሊክ አሲድ በየቦዩ አፈሰሱ። ፀሐይ እንዲገባ ተብሎ የድሃ ቤት የጣሪያ ሸክላ ተነሳ፤ ግድግዳ ተበሳ። አልጋና ልብስ ተቃጠለ። ለኑሮ አይበቃም የተባለ ቤት በበሩ ላይ ምልክት ተጻፈበት። የታመመ ሰው ከቤተሰቡ ተነጥሎ በግድ ወደ ሆስፒታል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ወደ ማግለያ ካምፕ ተወሰደ። በባቡር ጣቢያ ወንድም ሴትም እየተዳሰሰ ንፍፊት ይፈለግበት ነበር። ሴት ልጅ ከቤቷ ሰው በቀር ማንም በማይነካት አገር ይህ ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥቅምት 29 ቀን 1896 የፋብሪካ ሠራተኞች ተሰብስበው የአርተር ሮድን ሆስፒታል አጠቁ። ሕዝቡ ሆስፒታሉን የሚያየው መታከሚያ ሳይሆን ተወስዶ የማይመለስበት ቦታ አድርጎ ነበር። በ1897 መጀመሪያ ላይ ከ800 ሺህ በላይ ከሚሆነው የከተማዋ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ቦምቤይን ጥሎ ሸሽቷል። ሽሽቱ በሽታውን ወደ ገጠር አዳረሰው። በሕንድ በዚያ ወረርሽኝ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ።

በዚህ ሁሉ መካከል የማዘጋጃ ቤቱን ኮሚሽነር ስኖውን እጅግ ያሳሰበው አንድ ነገር ነበር፤ ጽዳት ሠራተኞቹ ከተማዋን ጥለው እንዳይሄዱ። ሃላልኮር የሚባሉት እነዚህ ሰዎች በውርስ የሽንት ቤት ቆሻሻ በቅርጫትና በባልዲ ተሸክመው እንዲያወጡ የተፈረደባቸው፣ ከካስት ሁሉ በታች የተጣሉ ነበሩ። ማንም አብሯቸው አይበላም፤ ጥላቸው እንዳይነካው የሚሸሻቸውም ነበር። እነሱ ቢሄዱ ግን ቦምቤይ በሳምንት ውስጥ ሰው የማይኖርባት ከተማ እንደምትሆን ኮሚሽነሩ ያውቅ ነበር። እነሱን ላለማስደንገጥ ሲባል አንዳንዱ ጥብቅ ትእዛዝ ላልቷል። የዚያች ከተማ ጤና በማን ትከሻ ላይ እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር አላገኘሁም።

አይጡና ሰውየው

መንግሥት ሰውን ሲያሳድድ ገዳዩ በጆንያው መካከል ነበር። ፖል ሉዊ ሲሞን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1898 ካራቺ ላይ ባደረገው ሙከራ ቸነፈርን ከአይጥ ወደ አይጥ የሚያስተላልፈው ቁንጫ መሆኑን አሳየ። አይጡ ሲሞት ቁንጫው የቀዘቀዘውን ሬሳ ትቶ ሌላ ሙቅ ደም ይፈልጋል፤ ሌላ አይጥ ካጣ ሰውን ይነክሳል። የሲሞንን ቃል ለዓመታት የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር። ከ1905 ጀምሮ በፓሬሉ ላቦራቶሪ የሠራው የቸነፈር ኮሚሽን ግን በተከታታይ ሙከራ አረጋገጠው።

እንግዲህ አስቡት። በየቦዩ የፈሰሰው ውሃና ኬሚካል አይጡን ከጎሬው አስወጥቶ ወደ ጎረቤት ቤት አሸሸው። ወደ ካምፕ የተወሰደው ቤተሰብ እህሉንና ልብሱን ሲያጣ፣ የእህል መጋዘኑ ከነአይጡ እዚያው ቆየ። በሽታውን የሚያመጣው የቤቱ ሁኔታ ሆኖ ሳለ ቅጣቱን የተቀበለው የቤቱ ነዋሪ ነው።

በጉልበት ያልሄደ ሌላ መንገድም ነበር። ቫልዴማር ሃፍኪን በኦዴሳ የተወለደ አይሁዳዊ ሳይንቲስት ነው። በ1896 መገባደጃ ቦምቤይ ደርሶ በግራንት ሜዲካል ኮሌጅ በተሰጠው አነስተኛ ክፍል ውስጥ የቸነፈር ክትባት ማዘጋጀት ጀመረ። ጥር 10 ቀን 1897 ክትባቱን በመጀመሪያ የወጋው በገዛ ሰውነቱ ላይ ነው። ቀጥሎ በባይኩላ እስር ቤት ፈቃደኛ እስረኞች ተከተቡ። የእስማኢሊ ሙስሊሞች መሪ አጋ ካን ሣልሳዊ ደግሞ ተከታዮቻቸው እንዳይፈሩ በአደባባይ፣ ሰው እያያቸው ተከተቡ፤ ለላቦራቶሪውም የራሳቸውን ቤት ሰጡ። ክትባቱ በሽታውን ፈጽሞ የሚከላከል አልነበረም፤ ግን የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ሕዝቡ ክንዱን የሰጠው የሚያምነው ሰው ቀድሞ ሲከተብ ስላየ ነው።

ሃፍኪን የከፈለው ዋጋ ግን ያሳዝናል። በ1902 ሙልኮዋል በሚባል የፑንጃብ መንደር ከአንድ ጠርሙስ የተከተቡ 19 ሰዎች በቴታነስ ሞቱ። ጥፋቱ በእሱ ላቦራቶሪ ላይ ተላከከና ከሥራው ታገደ። የኋላ ኋላ ብክለቱ የደረሰው ጠርሙሱ በመንደሩ ሲከፈት መሆኑ ታወቀ፤ ሮናልድ ሮስን የመሳሰሉ ታላላቅ ሳይንቲስቶች ጮኸውለት በ1907 ነፃ ተባለ።

የግዳጁ መንገድ መጨረሻው የታየው ደግሞ ከቦምቤይ ጥቂት ሰዓት ርቃ በምትገኘው ፑኔ ነው። እዚያ የቸነፈር ኮሚሽነሩ ዋልተር ራንድ ወታደር አሰማርቶ ቤት ለቤት ያስፈትሽ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 1897፣ የንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥና ዓመት በሚከበርበት ምሽት፣ ቻፔካር የሚባሉ ወንድማማቾች ተኩሰው መቱት። እነሱም ተሰቀሉ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 10 ቀን፣ በ1848 ከባለቤታቸው ጋር የሴት ልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱት መምህርት ሳቪትሪባይ ፉሌ ቸነፈር የያዛቸውን ድሆች እያስታመሙ ሳለ በሽታው ይዟቸው ሞቱ። ራንድና ሳቪትሪባይ የተሰለፉት በአንድ በሽታ ላይ ነበር፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በክብር የሚያነሳው ማንን እንደሆነ ግን ፑኔ ውስጥ የጠየቀ ሁሉ ይነገረዋል።

ውሃው ገባ፣ መውጫው ዘገየ

የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ በ1893 የተጠናቀቀ፣ ከትልቁ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመ ግርማ ያለው ድንጋይ ነው። ካካ እድሜያቸውን የሠሩት ለዚህ ቤት ነው። «እንግሊዞችን አማርረን የምንጠላቸውን ያህል ስለ ውሃው እናመሰግናቸዋለን» አሉኝ። እውነት አላቸው። ከከተማዋ ሰሜን የሚገኘው የቪሃር ግድብ በ1860 ሥራ ሲጀምር በሕንድ ከተሞች በቱቦ ውሃ ከማምጣት ቀደምቱ ነበር። ቱልሲ በ1879፣ ታንሳ በ1892 ተከተሉ። እነዚህ ሐይቆች እስከ ዛሬ ሙምባይን ያጠጣሉ። የመሐንዲሶቹን ሥራ አለማድነቅ ንፉግነት ይሆናል።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ውሃው ሲገባ የሚወጣበት የፍሳሽ መስመር በበቂ አልተሠራም። ቦምቤይ ደግሞ ሰባት ደሴቶች በአፈርና በድንጋይ ተገጣጥመው የተፈጠረች፣ አብዛኛው መሬቷ ከባሕር ወለል እምብዛም የማይበልጥ ከተማ ናት። በቧንቧ የገባው ውሃ ከቤት ወጥቶ በጠባብ የጀርባ ቦዮች ውስጥ ተኛ፤ አፈሩ ረጠበ፤ የድሃው ሰፈር ክረምት ከበጋ ጨቀየ። ቦዩን ለማስፋት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከቤት ግብር ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ድምፅ የነበረው ደግሞ ግብር የሚከፍለው ባለ ቤት እንጂ ተከራዩ አልነበረም። አከራዩ ግብር እንዳይጨመርበት ይከራከራል፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ለድሃ ሰፈር ከካዝናው ማውጣት አይፈልግም። በሁለቱ መካከል ቦዩ ሳይሠራ ዓመታት አለፉ። ቸነፈሩ ሲመጣ ሁለቱም ነዋሪውን «ቆሻሻ» አሉት።

የፈረሰው ሰፈር

በ1898 መጨረሻ የቦምቤይ ማሻሻያ ትረስት የሚባል ድርጅት በሕግ ተቋቋመ። ሥራው የተጨናነቁ ሰፈሮችን ማፍረስ፣ ሰፋፊ መንገድ መክፈት፣ አዲስ መኖሪያ ማዘጋጀት ነበር። ካካ በጣታቸው ያሳዩኝ መንገዶች እነዚህ ናቸው። በፕሪንሰስ ስትሪትና በሳንድኸርስት ሮድ በእግሬ ሄጃለሁ። የታሰቡት የባሕሩ ንፋስ እስከ ከተማዋ መሀል እንዲዘልቅ ነው፤ ያኔ በሽታ የሚመጣው ከታፈነ አየር ነው የሚለው እምነት ገና አልለቀቀም ነበር። መንገዶቹ መልካም መንገዶች ናቸው፤ ዛፍ አላቸው፤ አውቶቡስ ይሄድባቸዋል።

ነገር ግን ትረስቱ ከሠራው ይልቅ ያፈረሰው ፈጠነ። ቤቱ የፈረሰበት ሠራተኛ ከሥራው ርቆ መኖር ስለማይችል በአጠገቡ ባለው፣ አስቀድሞ በሞላው ሰፈር ተጨመረ። ኪራይ ናረ፤ አንድ ክፍል ለሁለት ቤተሰብ ተከፈለ። መጨናነቅን ሊያጠፋ የተነሳ ሥራ መጨናነቅን ወደ ጎረቤት አዛወረው። በ1919 በቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር የሆነው ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌደስ በሕንድ ከተሞች እየዞረ ይህን አሠራር አጥብቆ ተቃውሟል። ሰፈርን ጠራርጎ ከማፍረስ ይልቅ የተበላሸውን ቤት ብቻ ማንሳት፣ ጉድጓዱንና ዛፉን ማቆየት፣ ነዋሪውን በቦታው መጠበቅ ይሻላል፤ ወጪውም ያንሳል ይል ነበር።

ትረስቱ በዳዳርና በማቱንጋ የቀየሳቸውን ሰፈሮችም አየሁ። ፋይቭ ጋርደንስ በሚባሉት አትክልት ስፍራዎች ዙሪያ ያሉት ቤቶች ሰገነት ያላቸው፣ ጥላቸው የሰፋ፣ አየር የሚዘዋወርባቸው ናቸው። ለመካከለኛው መደብ የተሠሩ ናቸው፤ ያማሩ ናቸው። ለሠራተኛው የተሠራው ደግሞ ቻውል ነው። ቻውል ማለት በረጅም ኮሪደር ላይ አንድ አንድ ክፍል የተደረደረበት፣ ውሃውና ሽንት ቤቱ የጋራ የሆነ ባለ ፎቅ ነው።

ከማረፊያችን በእግር ሊደረስበት በሚችል ርቀት፣ እዚያው ፓሬል ውስጥ፣ ትረስቱ ከሠራቸው ቻውሎች አንዱ አለ። ከካስት ሁሉ በታች የሚቆጠሩት የዳሊቶች መሪና የሕንድ ሕገ መንግሥት ዋና አርቃቂ ዶክተር አምቤድካር ከ20 ዓመት በላይ የኖሩት በዚህ ቤት በሁለት ክፍል ውስጥ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና በለንደን ተምረው የተመለሱትም ወደዚሁ ነው። በ1927 ማሃድ በምትባል ከተማ ዳሊቶች ከሕዝብ ኩሬ ውሃ እንዳይጠጡ ሲከለከሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን መርተው ወደ ኩሬው ወርደው በእጃቸው ቀድተው ጠጡ። የማሃድ ማዘጋጃ ቤት ኩሬውን ለሁሉ ክፍት ነው ብሎ አስቀድሞ ወስኖ ነበር፤ ውሳኔው ግን ወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር። ሰውን ከውሃ የሚያርቀው የቱቦ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ አምቤድካር ያውቁ ነበር።

በ1920ዎቹ መንግሥት የሠራቸው ሌሎች ቻውሎች በዎርሊና በናይጋዎን ዛሬም አሉ። የአንዱ ክፍል ስፋት 15 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በየክፍሉ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ኖሮበታል። አሁን እየፈረሱ በረጃጅም ፎቆች እየተተኩ ነው፤ ነዋሪው በዚያው ቦታ 46 ካሬ ሜትር ያህል ቤት እንዲያገኝ ተወስኗል። «በዚያው ቦታ» የሚለው ቃል የመጣው ነዋሪዎቹ ለብዙ ዓመት ተደራጅተው ስለተከራከሩ ነው።

የፓርሲዎቹ ጉድጓድ

በቸርችጌት አቅራቢያ፣ መኪና በሚጋፋበት መንገድ ዳር፣ ባለ ጉልላት መጠለያ የተሠራለት የውሃ ጉድጓድ አለ። ቢካ ቤህራም የሚባል ፓርሲ፣ ማለትም ከፋርስ ፈልሶ የመጣው የዞሮአስተር ሃይማኖት ማኅበረሰብ አባል፣ በ1725 ያስቆፈረው ነው። ባሕሩ ቅርብ ሆኖ ሳለ ውሃው ጣፋጭ ነው ይላሉ፤ ፓርሲዎች ይጸልዩበታል። የሌላ ሃይማኖት ሰው ስለማይገባ ከውጭ ቆሜ አየሁት።

በ1911 ቻርልስ ቤንትሊ የሚባል የወባ አጥኚ በቦምቤይ የወባ ትንኝ የሚራባው በየግቢው ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ መሆኑን ጻፈ፤ እንዲዘጉም መከረ። በሳይንሱ ትክክል ነበር። ግን ጉድጓዱ ለፓርሲዎችና ለብዙ ሂንዱዎች ቅዱስ ነው። ክርክሩ ረዥም ሆነ፤ ብዙ ጉድጓዶች ሲዘጉ ሌሎቹ ትንኝ በማያስገባ ሽቦና ክዳን ተሸፍነው፣ ውሃው የሚቀዳበት በር ተሠርቶላቸው እንዲቆዩ ተደረገ። በቅኝ ግዛቱ የጤና ታሪክ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ደስ ያሰኘኛል፤ ሕዝቡ እምነቱን ሳይተው፣ ትንኙም መራቢያ ሳያገኝ የሚኖሩበት መላ ተገኝቷልና። ፓርሲዎች ሀብታምና ተሰሚ ስለነበሩ ነው መላው የተፈለገላቸው። የማንድቪ ተሸካሚም ተሰሚነት ቢኖረው ኖሮ ለእሱም ይፈለግለት ነበር።

የትናንቱ በዛሬው ውስጥ

እንግሊዞች በ1947 ወጡ። አሠራራቸው ግን አብሯቸው አልወጣም። የታንሳ ውሃ የሚመጣባቸው ግዙፍ ቱቦዎች ከተማዋን አቋርጠው ያልፋሉ፤ በግራና በቀኛቸው ድሆች ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ለውሃው ደኅንነት ሲባል እንዲነሱ ታዘዘ፤ ብዙዎቹም ማሁል ወደሚባል ዳርቻ ተወሰዱ። ማሁል የነዳጅ ማጣሪያዎች የከበቡት ስፍራ ነው፤ አየሩ ጤና የሚጎዳ መሆኑ አስቀድሞ በፍርድ ተመዝግቦ ነበር። የሰፈሩት ሰዎች በሳልና በቆዳ በሽታ ተሰቃዩ፤ ተከራከሩ፤ በ2019 የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥት ሌላ መኖሪያ እንዲሰጣቸው ወይም ኪራይ እንዲከፍላቸው አዘዘ። የከተማውን ውሃ ለመጠበቅ የእነዚህን ሰዎች ሳንባ መስጠት ጤና ጥበቃ ሊባል አይችልም።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሕንድ ከተጠቀመችባቸው ሕጎች አንዱ ያው በ1897 ለቸነፈሩ የወጣው የወረርሽኝ ሕግ ነበር። አገሪቱ በአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተዘጋች። ሥራና ማደሪያ ያጣው የሙምባይ ቀን ሠራተኛ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ወደ ትውልድ መንደሩ ጉዞ ጀመረ። የ1897 ሽሽት ተደገመ።

ዳራቪ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ዳራቪ ከሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መሬት ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርበት፣ አብዛኛው ነዋሪ በጋራ ሽንት ቤት የሚጠቀምበት ሰፈር ነው። ሁሉም ያልቃል ብሎ ፈራለት። የማዘጋጃ ቤቱ የጤና ሠራተኞች ከሰፈሩ የግል ሐኪሞች ጋር ቤት ለቤት ዞሩ፤ ሕዝቡ የሚያውቃቸውን ሐኪሞች አስቀደሙ። ትምህርት ቤቱንና አዳራሹን ለይቶ ማቆያ አደረጉ፤ እዚያ ለገባው ምግብ አቀረቡ፤ የጋራ ሽንት ቤቶቹን በቀን ደጋግመው አጠቡ። ሥርጭቱ ተገታ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ዳራቪን በምሳሌነት ጠቀሱት። ከ120 ዓመት በፊት ያልተሞከረው ይኸው ነበር፤ ሰውየውን አብልቶ፣ አክብሮ፣ አስረድቶ መያዝ። ዛሬ ዳራቪንም አፍርሶ እንደገና የመገንባት ትልቅ ዕቅድ ተጀምሯል። የነዋሪው ጥያቄም የታወቀ ነው፤ ቤት የሚሰጠው ለማን ነው? ለማን አይሰጥም? ያልተሰጠው ወዴት ይሄዳል?

የጽዳት ሠራተኛው ዕጣ ግን ብዙ አልተለወጠም። ሰው የሰውን ዓይነ ምድር በእጁ እንዳያነሳ ሕንድ በ1993 በሕግ ከለከለች፤ በ2013 ሕጉን አጠበቀች። ዛሬም ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ወርደው በጋዝ ታፍነው የሚሞቱ አሉ፤ አብዛኞቹ ዳሊቶች ናቸው። ካካ ስለዚህ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። «ሥራዬን ስጀምር ጓንት አልነበረም፤ ስጨርስም በደንብ አልነበረም» አሉኝ።

ለእኛ

ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ይገናኛል። በ1868 መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦር የተነሳው ከቦምቤይ ነው። ከመቅደላ በሕፃንነታቸው የተወሰዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያደጉት በሕንድ ነው፤ ላሆር ሕክምና ተምረው፣ በበርማም በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሠርተው፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆነው ተመልሰዋል። በ1918 ሰኔ ቦምቤይ የገባው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. መጀመሪያ እኛን ደረሰን፤ የኅዳር በሽታ ያልነው እሱ ነው። ኅዳር 12 በየደጁ ቆሻሻ እየጠረግን የምናጥነው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው ፋሺስት ኢጣሊያም ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ የሚያሰፍር ፕላን ሲያወጣ ጤናን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛውሯል። ሰውን ለበሽታ ብሎ መለየት በእኛም ከተማ ካርታ ላይ አሻራው አለ።

ዛሬ ደግሞ በራሳችን እጅ ከተማችንን እያፈረስን እየሠራን ነው። የጨቀየ ሰፈር ይቆይ የሚል ሰው የለም፤ ልጁን በጋራ ሽንት ቤትና በቦኖ ውሃ ያሳደገ ሰው የተሻለ ቤት ከማንም በላይ ይናፍቃል። እኔ የምለምነው ቅደም ተከተሉ እንዲስተካከል ነው። ከማፍረስ በፊት ለተነሺው ቤት ይሠራ፤ ከሥራው፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤትና ከዕድሩ ብዙ የማይርቅ ቤት ይሁን። ከመንገዱ ጌጥ በፊት የፍሳሽ ቱቦው ይቀበር። ወረርሽኝ ሲመጣ ከዘበኛው በፊት ሕዝቡ የሚያምነው ሐኪም፣ ካህን፣ ሼህና የዕድር ዳኛ ይላክ። ሌሊት መንገድ የሚጠርጉት እናቶችና ጉድጓድ የሚያጸዱት ወጣቶች ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ክትባትና የሚበቃ ደሞዝ ያግኙ።

ቦምቤይ ሃያ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እጅግ ያማሩ መንገዶችን ከፈተች፤ ከመንገዶቹ ለተነሱት ሰዎች የሚበቃ ቤት ግን ከመቶ ዓመት በኋላም አልሠራችም። ቤቱን ያስቀደመ ከተማ ከበሽታ ይድናል፤ ማባረርን ያስቀደመ በሽታውን በሌላ ሰፈር ያገኘዋል።